በሠ እና በሰ መካከል

የጋሽ ላቀውን ሞት የነገረኝ ቶሎሳ ነው። ናዝሬት መናኸሪያ አጠገብ ድንገት ተገናኘን። ጤናዬን ጠይቆ ሳይጨርስ፣ «ጋሼን እኮ ቀበርናቸው። መቼም ሳትሰሚ አትቀሪም» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። መቂ፣ እህታቸው ጎን ነው የተቀበሩት። «እህታቸው ካለፉ ወዲህ ብዙም አልቆዩ» አለና ፊቱን ወደ አውቶቡሶቹ አዞረ።

ሁለታችንም ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርተናል። ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን፣ ስለ ልጆቻችን ተጫወትን፣ ስለ ጋሽ ላቀው ግን ሌላ ቃል ሳንተነፍስ ተለያየን። እሱ ምን እያሰበ እንደነበር ዐውቃለሁ። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው።

«ነፍስ ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ» ማለት ወጉ ነው። ስለ ጋሽ ላቀው እንዲህ ለማለት ግን ያስቸግረኛል። ኩሩ ነበሩ። ነገር ይወዳሉ፣ ሰው ሲሳሳት ደስ ይላቸዋል፣ ራሳቸው ሲሳሳቱ ደግሞ ወንበሩ ነው የሚወቀሰው። በዚያ የናዝሬት ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ለብሰው ነበር ሥራ የሚገቡት። አቧራ ያዘለው ነፋስ ሲነሳ ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ፣ የኮታቸውን ጫፍ በሌላው ይዘው፣ ከጋሪ ፈረስ እየሸሹ መንገድ ሲሻገሩ ያያቸው ሁሉ ይሥቃል። እሳቸው አይሥቁም። «ሰው ሞቀኝ ብሎ ክብሩን አያወልቅም» ይላሉ።

ጠረጴዛቸው ላይ ለሁለት የተከፈለ ሎሚ በትንሽ ሳህን ይቀመጣል። ካርድ ሲያነሱ ጣታቸውን ሎሚው ላይ ነካ ያደርጋሉ። ቶሎሳ ጣቱን በምላሱ አርሶ ሲያነሳ ካዩት፣ «የሰው ስም አይላስም» ብለው ይቆጡት ነበር። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ መሀል ላይ ትተው ወደ ዘመናዊ ትምህርት የዞሩ ሰው ናቸው። መተዋቸው ሲቆጫቸው ይሁን አላውቅም፣ ከቅኔ ቤት ይዘውት የወጡትን ሁሉ እንደ ርስት ነበር የሚጠብቁት።

መሥሪያ ቤታችን የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ የሚመሳከርበት ነበር። ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ መቂ፣ ዝዋይና አዳሚ ቱሉ፣ እያንዳንዱ ከተማ ዕድሜያቸው የደረሰ ወጣቶችን በካርድ መዝግቦ፣ ካርዱን በሀ ሁ ተራ ደርድሮ በሣጥን ይልክልናል። የኛ ድርሻ ሰባቱን ሣጥን አንድ መዝገብ ማድረግ ነው። ምክንያቱም አንድ ልጅ ሁለት ቦታ ሊመዘገብ ይችላል፤ አባቱ ቤት ወለንጪቲ፣ አክስቱ ቤት ናዝሬት። ከሁለቱም ይጠራል። በአንዱ ጥሪ ከሄደ በሌላው እንደ ኮበለለ ይቆጠራል። ያን ጊዜ እናቱ ወይም አባቱ ይታሰራሉ፣ ልጁን እስኪያመጡ ድረስ። ያ ዘመን እንዲህ ነበር፣ ማብራራት አያሻውም።

ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ የሰባቱን ከተማ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው፣ አደበላልቀው፣ እንደገና ከሀ ያስጀምሩን ነበር። ጋሽ ላቀው የመጡ ዕለት ይህን አይተው ራሳቸውን ያዙ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እየደረደርን ነዋ ጋሼ» አለ ቶሎሳ።

«ተደርድሮ አይደል እንዴ የመጣው? የተፈተለ ድር በጣጥሶ እንደገና የሚፈትል ሰው አይታችኋል?»

ሰባቱን ሣጥን አሰልፈው ከየሣጥኑ የፊት የፊቱን ካርድ አነሱ። «ከሁሉም የሚቀድመው ስም ከነዚህ ከሰባቱ አንዱ ነው» አሉ። «ከኋላ የተሰለፈ ከፊቱ ያለውን ሊቀድም አይችልም። ስለዚህ ሰባት ብቻ ነው የምናየው። ሌላው ተራውን ይጠብቅ።»

ሰባቱንም ቢሆን በየጊዜው ከዳር እስከ ዳር ማየት ዐይን ያደክማል ብለው፣ ጠረጴዛው ላይ ልዩ አቀማመጥ አበጁላቸው። አንዱ ካርድ ከላይ ብቻውን፣ ሁለቱ ከሱ በታች፣ ከሁለቱ ከእያንዳንዳቸው ሥር ደግሞ ሁለት ሁለት። ከላይ ያለውን «ንጉሥ»፣ ሁለቱን «ራሶች»፣ የታችኞቹን «ባላባቶች» አሏቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ የበላይ የሆነ ሁሉ በፊደል ተራ ከሥሩ ካሉት ከሁለቱ መቅደም አለበት። ጎን ለጎን ያሉት እርስ በርስ ማን ይቅደም ማን ይከተል፣ ግድ የላቸውም። ንጉሡ የሁሉ ቀዳሚ ስለሆነ አንስተው ለቶሎሳ ይሰጡታል፤ ቶሎሳ መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል። በባዶው ዙፋን ላይ ከዚያው ከተማ ሣጥን ተከታዩ ካርድ ይቀመጣል። ካልተገባው ይወርዳል፤ ከሁለቱ ራሶች ቀዳሚው ይነግሥና እሱ በዚያ ራስ ቦታ ይተካል። እዚያም ካልተገባው ከሥሩ ያለው ባላባት ይፈነቅለዋል። ከዚያ በታች መውረጃ የለም። ሰባቱንም ሳያገላብጡ አዲሱ ንጉሥ ታወቀ ማለት ነው።

የአንዱ ከተማ ሣጥን ሲያልቅ ባዶ ካርድ ያስገቡበታል። ባዶው ከፐም በኋላ ይቆጠራል፤ እየሰመጠ ታች ይቀራል። ስሙ «ማንም» ነው። «ማንም ሲነግሥ ሥራችን አለቀ» ይሉ ነበር፤ እውነትም ባዶው ካርድ ላይኛው ቦታ የደረሰ ዕለት ሣጥኖቹ ሁሉ ተራቁተዋል።

ይህ የንጉሥና የራስ ነገር ለካድሬያችን አልተዋጠለትም። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና፣ «ጓድ ላቀው፣ በአብዮታዊ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሄ የፊውዳል ቋንቋ ምንድነው?» አላቸው።

ጋሽ ላቀው ጣታቸውን ሎሚው ላይ ነካ አድርገው ላይኛውን ካርድ አነሱ። «ታዲያ ምን ልበለው ጓድ? ሊቀመንበር ልበለውና በየደቂቃው ላውርደው?»

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ጠረጴዛዬ ከእሳቸው ፊት ለፊት ነው፤ የማየው ቦታ አጥቼ ጉልበቴን አየሁ። ካድሬው ትንሽ አሰበና፣ «ንጉሥ ይባል» ብሎ ወጣ። ቶሎሳ ሣቁን አፍኖ አፍኖ እስኪያስለው ድረስ መዝገቡ ላይ ተደፋ።

ዘዴው የሚጠቅመው ለፍጥነት ብቻ አልነበረም። ሁለት ቦታ የተመዘገበ ልጅ ካርዶቹ ተከታትለው ይነግሣሉ። አንዱ ሲነሳ ያው ስም እንደገና ይመጣል። ጋሽ ላቀው እዚያ ላይ ይቆማሉ። የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የእናቱን ስም ያስተያያሉ፤ አንድ ሰው መሆኑን ሲያረጋግጡ ሁለቱን ካርዶች በስፒል አያይዘው አንድ ጥሪ ብቻ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ፊታቸው ይበራል። «ይኸው፣ አንዲት እናት አሁን ቤቷ ታድራለች፤ ማን እንዳሳደራት ግን አታውቅም» ይላሉ። ደስታቸው ይህ ነበር፤ ሌላ ደስታ አላየሁባቸውም።

ቶሎሳና እሳቸው የሚጋጩት በፊደል ነው። የየከተማው ጸሐፊ የመሰለውን ፊደል ይጽፋል፤ አንዱ ኃይሉን በብዙኃኑ ኀ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ። ለጆሮ አንድ ነው፤ በሀ ሁ ተራ ግን አንዱ መጀመሪያ አንዱ መሀል ስለሚውል ካርዶቹ አይገናኙም።

«ጋሼ፣ አንድ ድምፅ ያላቸውን አንድ ላይ እናድርጋቸው» ይላል ቶሎሳ። «እየተላለፉብን ነው።»

«ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው። ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌባ ነው። ፀሐይዋንና ሌባውን አንድ ላድርግልህ?»

«የቀበሌው ጸሐፊ እኮ ይሄን አያውቅም። እጁ ላይ የመጣለትን ሰ ነው የሚጽፈው።»

«እሱ ባለማወቁ እኔ ያወቅኩትን ልርሳ?»

ቶሎሳ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ ናዝሬት ላይ አድጎ አማርኛውም ከማናችንም አያንስም። ጠዋት ሲገባ «አካም ቡልተኒ ጋሼ» ብሎ ነው ሰላም የሚላቸው፤ እሳቸውም በዚያው በኦሮምኛ «ነጋ» ብለው ይመልሱለታል። የዚያን ቀን ግን እጁን ዘርግቶ፣ «የኔ ስም በኦሮምኛ ነው የወጣው። በየትኛውም ሰ ጻፉት፣ ቶሎሳ ስትሉኝ አቤት እላለሁ። ስም የሚጠራ እንጂ የሚነበብ ነው እንዴ?» አላቸው። ጋሽ ላቀው ግን በሕጋቸው ጸኑ፤ ሠ ለብቻው፣ ሰ ለብቻው። በሀ ሁ ተራ ደግሞ በሁለቱ መካከል ረ አለ፤ እነ ረጋሳ፣ እነ ረታ፣ እነ ሮባ ሁሉ በመሀላቸው ይገባሉ።

ጋሽ ላቀው ልጅ አልነበራቸውም። የሚያሳድጉት የታናሽ እህታቸውን ልጅ ሠናይን ነበር። እህታቸው እትዬ ዘርፌ መቂ ነው የሚኖሩት፣ ከእናቴ ቤት አጥር የሚጋሩ ጎረቤታችን ናቸው። እኔም የመቂ ልጅ ነኝ። ባላቸው ሽንኩርት ማሳ ላይ ሲሠራ ታሞ ከሞተ በኋላ ልጁን ለትምህርት ናዝሬት ወንድማቸው ዘንድ ሰደዱት። ክረምት ክረምት መቂ ይመጣል። ስሙን ያወጡለት ጋሽ ላቀው ናቸው። ሠናይ ማለት በግዕዝ መልካም ማለት ነው፣ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። ልጁ በሌላው ሰ የጻፈ ቀን እራት ሳይበላ ያድር ነበር አሉ። ቀጭን፣ ሣቂታ ልጅ ነበር። አጎቱ ሲናገሩ ከኋላቸው ቆሞ የኮታቸውን አያያዝ ያስመስላል፤ እሳቸው ያውቃሉ፣ አይዞሩም።

ናዝሬት ላይ ያስመዘገቡት ራሳቸው ናቸው። ሊደብቁት ይችሉ ነበር፤ ካርዱ በእጃቸው ነው የሚያልፈው። ቶሎሳ በለሆሳስ ይህንኑ ሲላቸው፣ «የሰው ልጅ ስጠራ ውዬ የኔን ኪሴ ልክተት?» አሉት። የሠ ተራ ደረሰ። ሠናይ በቀለ ነገሠ። ጋሽ ላቀው ካርዱን አንስተው ትንሽ ያዙት፣ ለቶሎሳ ሰጡት፣ ባርኔጣቸውን አነሱና ወጡ። በዚያን ቀን አልተመለሱም።

የቀረውን ቶሎሳ ብቻውን ቀጠለ። እኔ ፖስታ ለመቀበል ወጥቼ ነበር። የረ ሰዎች አለቁ፣ ሰ ገባ፣ ከመቂ ሣጥን አንድ ካርድ ነገሠ፦ ሰናይ በቀለ፣ በእሳቱ ሰ። እትዬ ዘርፌ ያሉበት ቀበሌ በእናቱ ቤት ቆጥሮት ነበር። ቶሎሳ አየው። ዘግይቶ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ «አይቼዋለሁ። ደንግጬም ነበር። የጋሼ ልጅ ግን በንጉሡ ነው፣ ይሄ በእሳቱ ነው፣ ሌላ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት። እሳቸው አይደሉ ያስተማሩኝ?»

ሠናይ በናዝሬቱ ጥሪ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ሰናይን መቂ ጠራው፤ የሚመጣ ሲጠፋ እትዬ ዘርፌን አሰሯቸው።

እኔ የአገሩ ልጅ ነኝና ከጋሽ ላቀው ጋር መቂ ሄድኩ። የቀበሌው እስር ቤት የቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን ነበር፤ በሩ ሲከፈት ሽታው ዐይን ያስነባል። እትዬ ዘርፌ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ «ወንድም ጋሼ፣ ንገርልኝ። አንድ ነው የወለድኩት። እሱንም ወስደውታል። ሌላውን አምጪ ይሉኛል» አሉ።

ሹሙ ሰውዬ ክፉ አይመስልም ነበር። ደክሞታል፣ ጺሙ አድጓል። የኛን መዝገብ ቅጂ ገልጦ አሳያቸው።

«ሠናይ በቀለ፣ ናዝሬት። ሰናይ በቀለ፣ መቂ። ሁለት ቦታ፣ ሁለት ሰው። አመሳካሪ፣ ላቀው ይላል። እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ተመሳስሎ ቢሆን ኖሮ በስፒል ተያይዞ ይመጣልን ነበር፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚመጣው። መዝገብዎ ተሳስቶ አያውቅም። አሁን መዝገብዎን ልመን፣ እርስዎን ልመን?»

ጋሽ ላቀው መዝገቡን አዩ። በሁለቱ ስሞች መካከል የረ ሰዎች ገጽ ሞልተው ተኝተዋል። እኚያ ነገር የማያልቅባቸው ሰው በመጨረሻ ያሉት፣ «ዋስ ልሁናት» ብቻ ነው።

ብዙ ተመላልሰው፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ ሁለተኛውን ልጅ ሊያቀርቡ ፈርመው እህታቸውን አስለቀቁ። እትዬ ዘርፌ ከስተው ወጡ። ያ ሁሉ ጊዜ ጠዋት ማታ የሚጠየቁት ስለ ሁለተኛው ልጅ ነበር። መጀመሪያ ይሟገቱ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ዝም ማለት ጀመሩ።

ጋሽ ላቀው መሥሪያ ቤት በተመለሱ ማግሥት ሕጉን ለወጡ። ሠና ሰ አንድ ላይ፣ ሀ ሐ ኀም አንድ ላይ፣ አና ዐም እንዲሁ። ቶሎሳ ቀና ብሎም አላያቸው። መዝገቡ እንዲታረምላቸውም ማመልከቻ ጽፈው ለፊርማ አስገቡ፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው፣ ስሕተቱም የኔ ነው የሚል። ሎሚው ደርቆ ሳህኑ ላይ ቀረ። ካርድ የሚያነሱት በደረቅ ጣት ሆነ።

ማመልከቻው ሳይፈረም የሠናይ መርዶ ደረሰ። ሰሜን ላይ ነው የወደቀው። ወረቀቱ የመጣው በናዝሬት ስሙ፣ በንጉሡ ሠ ነው።

ከመቂ ሽማግሌዎች ጋር ሆነን ጠዋት እትዬ ዘርፌ ቤት ገባን። እናቴም ነበረች። እትዬ ዘርፌ ሰው ተሰብስቦ ሲያዩ ነገሩ ገባቸው፣ ተነስተው ቆሙ። አንዱ ሽማግሌ ጀምረው አቋረጡት፣ ጋሽ ላቀው ጨረሱት። ሁላችንም ጩኸቱን ጠበቅን። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ጩኸት ግን አልመጣም።

«የትኛው?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«ምን ማለትሽ ነው ዘርፍዬ?»

«የትኛው ነው የሞተው? ስታሰር ሁለት ናቸው ሲሉኝ ነው የከረሙት። ሌላው የት አለ ሲሉኝ ነው የከረሙት። ወረቀቱ ላይ ያለው በየትኛው ሰ ነው?»

ጋሽ ላቀው ወረቀቱን ይዘዋል። «በንጉሡ» አሉ።

«እንግዲያው ያኛው ነው። የኔ በእሳቱ ነው፤ መዝገቡ ላይ አለ፣ አልተገኘም ተብሏል። መዝገቡን ያጻፍከው አንተ ነህ ወንድም ጋሼ። አንተ ደግሞ በፊደል አትሳሳትም።»

ዕብደት ነው ብንል ይቀለን ነበር። እትዬ ዘርፌ ግን አላበዱም። ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ሰው ሲሞት ይደርሳሉ። የገዛ ቤታቸው ግን ድንኳን ሳይተከልበት ቀረ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው ሄዱ። ጋሽ ላቀው ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። በማግሥቱ ማመልከቻቸውን ሳይፈረም መልሰው ወሰዱ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም።

በቀጣዩ ምዝገባ መቂ ያንኑ ካርድ እንደገና ላከች። ሰናይ በቀለ፣ በእሳቱ ሰ። ተራው ደርሶ ሲነግሥ ጋሽ ላቀው አነሱት፣ እንደ ሕያው ሰው ካርድ ለቶሎሳ ሰጡት። ቶሎሳም ጻፈው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚጠበቅ ነበር። ጥሪ ወጣ፣ ሰናይ አልቀረበም፣ መቂ ዋሱን ያዘች። ጋሽ ላቀው እዚያው የሽንኩርት መጋዘን ገቡ፣ ከነሙሉ ልብሳቸው። እትዬ ዘርፌ በየቀኑ ምሳ ያደርሱላቸው ነበር። እኔ እናቴን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር እገባለሁ። አንድ ቀን ከእትዬ ዘርፌ ጋር ተገጣጠምን፤ ሳህኑን ተቀብለው ሲወጡ፣ «አይዞህ ወንድም ጋሼ፣ አሁን ይመጣል። ሲመጣ እኮ ይለቁሃል» ሲሏቸው ሰማሁ።

ብቻችንን ስንቀር አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ መርዶው ኪስዎ ውስጥ ነው። ካርዶቹን አያይዘው ለሹሙ አንድ ልጅ ነበር፣ ሞቷል ቢሉት ዛሬውኑ ይወጣሉ። ለምን አይነግሩትም?»

ጺማቸው ሸብቷል፣ ሰደርያው ሰፍቷቸዋል።

«እኔ ከዚህ ስወጣ እሷ ትገባለች» አሉ። «እሷ የምትገባበት ደግሞ ዋስ የለውም።»

ውስጤ ተናዶ ነበር፤ በማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። በሳቸው፣ በሹሙ፣ ሁለት ሰ ባስቀመጠልን ሀ ሁ፣ በሁሉም። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ሞጆ አለቀስኩ።

ደርግ ሊወድቅ ሲል ያሰሯቸው ሰዎች ራሳቸው ሸሹና የመጋዘኑ በር ክፍት ቀረ። ያን ሰሞን ወታደሩ ከየግንባሩ ተበትኖ በመቂ በኩል ወደ ደቡብ ይጎርፍ ነበር፤ ባዶ እግሩን፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ጠብመንጃውን በእንጀራ እየለወጠ። እኔም ጊዜው አስፈርቶኝ እናቴ ዘንድ ገብቼ ነበር። ወጣ ስል እትዬ ዘርፌ በባልዲ ውኃ ይዘው አስፋልቱ ዳር ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ላቀው ባርኔጣቸውን አድርገው አጠገባቸው ቆመዋል። እህት ውኃ ይቀዳሉ፣ ወንድም ይጠይቃሉ።

«ሰናይ በቀለ የሚባል ታውቃለህ ልጄ?»

«አላውቅም አባቴ።»

ሌላው ይመጣል፣ ይጠጣል። ያው ጥያቄ። እኔም ጣሳ እያቀበልኩ አጠገባቸው ቆምኩ። ፀሐይ ስትበረታ እንሂድ ብላቸው ሁለቱም አልሰሙኝም።

ረፋዱ ላይ አንድ ክንዱ የታሰረ ወታደር ጠጥቶ ጣሳውን ሊመልስ ሲል ጥያቄውን ሰማና ቆመ።

«ሠናይ? ቀጭን ነው? የናዝሬት ልጅ?» አለ። «የአጎቱን አረማመድ እያስመሰለ የሚያሥቀን ሠናይ?»

የእትዬ ዘርፌ እጅ ባልዲው ላይ ቀረ።

«አብረን ነበርን እኮ» አለ ወታደሩ፤ ቀጥሎ የሚለው ፊቱ ላይ መታየት ጀመረ። «እሱ እንኳን . . .»

«ስሙን በየትኛው ሰ ነበር የሚጽፈው?» አሉ ጋሽ ላቀው። ቶሎ ብለው ነው ያሉት።

ወታደሩ ግር አለው። ሽማግሌውን አየ፣ እኔን አየ። «በንጉሡ ሠ» አለ። «ስም መዝጋቢው በሌላው ሲጽፍበት ይጣላው ነበር። አጎቴ ነው ያስተማረኝ፣ ስሜን አታበላሽ ይለዋል።»

ጋሽ ላቀው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ዐይናቸውን ገልጠው ወደ እህታቸው ዞሩ።

«እሱ አይደለም ዘርፍዬ» አሉ። «የኛ በእሳቱ ነው።»

እትዬ ዘርፌ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ ለወታደሩም «አይዞህ ልጄ፣ እናትህ ትጠብቅሃለች» ብለው ደግመው ቀዱለት። ወታደሩ ጠጣ፣ አመስግኖ ሄደ። ከኋላው ሌላ ልጅ እያነከሰ ይመጣ ነበር። ጋሽ ላቀው ኮታቸውን አስተካክለው አንድ እርምጃ ወደ አስፋልቱ ቀረቡ።

«ሰናይ በቀለ የሚባል ታውቃለህ ልጄ?» አሉ።